ድካምን ከደጃፍ መተዋወቅ

ከሌሊቱ አሥር ተኩል ላይ የጫግኒ አስፋልት የውሻና የዶሮ ነው። በዚያ ሰዓት ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት አሥራ አንድ ሆነን የጫማችንን ክር እናጠብቅ ነበር፤ ሁለት መምህራን፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ አንድ ባለሱቅ፣ ሦስት ተማሪዎች፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የግብርና ሠራተኛ እና እኔ። ጀርባችን ላይ የተማሪ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ በሶ፣ ቆሎና ሁለት ሁለት ሃይላንድ ውኃ። ከመካከላችን ተራራ መውጣት የለመደ ሰው አልነበረም። ግን ከጥምቀት በኋላ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ አብረን ለመቆም ቃል ተገባብተናል።

ይህን የምጽፈው ጉዞው ገና ሳይደርስ ነው። ሰሜን ተራሮችን እስካሁን በዓይናችን አላየንም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ነው፤ እኔ ግን ልምምዱ ብቻውን ያሳየኝን ነገር ይዤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምክንያቱም በዚህ አገር ትልቅ ነገር የሚያልም ሰው ሞልቷል፤ ሕልሙን በትንሹ፣ ከቤቱ አጠገብ፣ ከሰው ጋር ሆኖ የሚሞክረው ግን ጥቂት ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ከማይሞክሩት ወገን ነበርኩ።

ለልምምድ የመረጥነው ሁላችንም በሚኒባስ እየተኛን የምናልፈውን መንገድ ነው፤ ከጫግኒ እንጅባራ። ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫግኒ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ነች። በመኪና ሲወጡት ጆሮ ጭው ከማለቱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። በእግር ግን ሌላ አገር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና፣ ማንጎ ጥላ ሥር ተነስቶ በማግሥቱ ገብስና ድንች መካከል ጋቢ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ይደረሳል። አንድ የአዊ ዞን ልጅ ቆላውንና ደጋውን በሁለት ቀን በራሱ እግር ሰፍቶ ማየት መቻሉ ስጦታ ነው። ይህን ስጦታ እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ ሳልከፍተው መቆየቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከመነሳታችን በፊት ሁለት ነገር አደረግን። መንገዱ ሰላም መሆኑን በየመንደሩ ካሉ ሰዎች ጠየቅን፤ ይህን ሳያደርግ ማንም ቡድን ከቤቱ አይውጣ። ከዚያ ሰዓቱን አሰላን። ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ ያስቀመጠው ቀላል ስሌት አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰዓት። በዚህ ስሌት የእኛ መንገድ ያለ ዕረፍት አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እኛ በሁለት ቀን ውስጥ የፈጀብን ከአሥራ ሰባት ሰዓት በላይ ነው። ልዩነቱ የት እንደገባ አሁን በደንብ አውቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት በሩጫ በሚመስል እርምጃ ሄድን። ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ጉልበቱ ትኩስ ነው። ተማሪዎቹ እየዘፈኑ ፊት ፊት ይላሉ፣ ባለሱቁ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ራሴ «ይሄ ነው እንዴ!» ብዬ ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትልና የመጀመሪያው እውነተኛ ዳገት ሲመጣ ግን ሰልፉ ተበጠሰ። ከፊት ያሉት ከዓይን ጠፉ፣ መሐል ያለነው ላብ በላብ ሆንን፣ ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም ኋላ ቀረች። አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነው። ዞር ስል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ታራግባለች።

«ሂዱ፣ እኔን ተዉኝ። ከኋላ በሚመጣ መኪና እደርስባችኋለሁ» አለችን።

ያን ጊዜ የግብርና ሠራተኛው ጡረተኛ ምንም ሳይሉ አጠገቧ ተቀመጡና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ዘገኑላት። እኒህ ሰው የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ በእግራቸው ሲዞሩ ያሳለፉ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከፊት የሄዱት እስኪመለሱ ጠበቁና፣ «ልጄ፣ ተነሺ፤ ከአሁን ወዲያ ከፊት የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ከአንቺ የሚቀድም ሰው የለም» አሏት። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግን ማን ጋሼን ይቃወማል?

እዚህ ላይ ልቆይ፤ የዚህ ሁሉ ጉዞ ልብ እዚህ ቦታ ላይ ነውና። ደካማውን ከኋላ አስቀምጦ መሄድ በየሥራችንና በየቤታችን የለመድነው ሰልፍ ነው። ከኋላ ያለ ሰው ሁልጊዜ ከዓቅሙ በላይ ይሄዳል፤ ፊተኞቹ ቆመው ሲጠብቁት እነሱ አርፈው ይነሳሉ፣ እሱ ግን ሲደርስ ዕረፍቱ ያልቃል። በሌላ አነጋገር፣ ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ብቻውን ሳያርፍ ይቀራል። ከፊት ሲቀመጥ ግን ሁሉ ነገር ይገለበጣል። እርምጃውን እሱ ይወስናል፣ ማንም አይጠፋም፣ ጉልበተኛውም ጉልበቱን ለማታ ያቆያል። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ሆና በሄደችባቸው ሰዓታት ሰልፉ አንድም ጊዜ አልተበጠሰም። ያን ከሰዓት የሄድነው ርቀት ጠዋት በሩጫ ከሄድነው አላነሰም።

የእርምጃው ልክ በምን ይታወቃል? ሰዓትም መሣሪያም አያስፈልግም። እየሄድክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ልኩ ላይ ነህ፤ ሁለት ቃል ተናግረህ የምትተነፍስ ከሆነ ፈጥነሃል። ነርሷ ይህን ለተማሪዎቹ ስትነግራቸው ጨዋታ አደረጉት፤ ዳገቱን እየወጡ ተራ በተራ ተረት ይናገሩ ጀመር፤ ተረቱ መሐል ላይ የተቆረጠበት ሰው እርምጃውን ይቀንሳል።

በመንገዳችን ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ከነሸክማቸው አለፉን። ጀርባቸው ላይ የተሸከሙት ከእኛ ቦርሳ እጥፍ ይከብዳል። አይሮጡም፣ አይቆሙም፣ ትንፋሻቸው አይሰማም። አንዷ በረባሶ ተጫምታለች። ከእኛ መካከል ለጉዞው ብሎ በዋዜማው አዲስ ጫማ የገዛው ተማሪ በዚያው ሰዓት ተረከዙ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይዞ ያነክስ ነበር። እግር ውኃ የሚቋጥረው ሙቀት፣ እርጥበትና ሰበቃ ሲገናኙ ነው። ቆዳው መጋል ሲጀምር ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ልጁ ግን አፍሮ ዝም ብሎ ሁለት ሰዓት ሄደ። ስለ ዝምታው አልወቀስኩትም፤ በእሱ ዕድሜ እኔም ከዚህ የባሰ አድርጌአለሁ። ግን ያን ቀን አንድ ደንብ አወጣን፤ የሚያምህን ነገር ገና ትንሽ ሳለ ጮክ ብለህ ተናገር። ለአዲስ ጫማ ደግሞ ልኩ ሳምንታት ሙሉ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን አድርጎ ማለማመድ ነው።

ያደርነው ከመምህራኑ የአንዱ ዘመዶች ቤት ነው። የተቀቀለ ድንች በበርበሬ ቀረበልን። ከቆላ ለመጣ ሰው ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤ እሳቱን ከበን ተቀመጥን። ወሬው ወደ 1933 ዓ.ም ሄደ፣ ምክንያቱም ያን ዓመት በዚሁ በጎጃም ቆላና ደጋ መካከል ከእኛ እጅግ የሚበልጥ ጉዞ ተደርጎ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ጥር 12 ቀን በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ከዚያ በመተከል በኩል ወደ በላያ ተራራ፣ ከበላያ ደግሞ ወደ ጎጃም ደጋ ተጓዙ። በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች እየተዋጉ ዳገቱን ወጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ ያን ሌሊት ልቤን የያዘው የግመሎቹ ነገር ነው። ስንቁንና ጥይቱን ከሱዳን ያጓጓዙት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ነበሩ። ግመል በሜዳና በአሸዋ ላይ አቻ የሌለው እንስሳ ነው። ድንጋያማው ዳገት፣ የደጋው ብርድና ያልለመዱት መኖ ሲመጣባቸው ግን አለቁ፤ አዲስ አበባ የደረሱት በጣም ጥቂቶች ናቸው። እንስሶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ያልተለማመዱበት ቦታ ላይ ተገኝተው ነው። ሰው ከግመል የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠብቀውን ዳገት አስቀድሞ አውቆ፣ ሰውነቱን ቀስ እያለ ሊያስለምደው ይችላል። ጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚጠይቅ ለውጥ ነው። እሳቱ ዳር ተቀምጬ ይህን ሳስብ ድካሜ ራሱ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ዕለተ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንጅባራ ገባን። ያን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ! ባለሱቁ አስፋልቱን ሳመ። ሻይ ቤት ገብተን አሥራ አንድ ሻይ አዘዝንና ሁላችንም በአንድ ጊዜ አወራን። ተማሪዎቹ በቀርከሃ ሥራዋ ከታወቀችው ከዚህች ከተማ አሥራ አንድ የቀርከሃ ምርኩዝ ገዙ፤ ለራስ ደጀን መሆኑ ነው። ጥር 23 ቀን በየዓመቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበረው እዚሁ ነውና፣ ወሬያችን ወደ ፈረስም ሄደ። ለዚያ ቀን በሽልማት ደምቆ የሚጋልብ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ሲቀለብና ሲገራ የቆየ ነው። ዳገት ሥር ደርሶ ለፈረስ ገብስ ቢሰጡት ምን ይረባዋል?

ደስታችን መሐል ጋሼ ሻይአቸውን አስቀምጠው፣ «ጥሩ ነው ልጆቼ፤ ማን ነው ታዲያ የሚያወርዳችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ሚኒባስ ነዋ፣ ጋሼ!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ራስ ደጀን ላይም ሚኒባስ አለ?»

ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ጥያቄው ልክ ነበር። የሰሜን ተራሮችን መንገድ በካርታ ስናየው ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ያልፋል። ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ወደ ራስ ደጀን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ቀጥሎ ወደ መሸሃ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከወንዙ ማዶ እንደገና ይወጣል። በመጨረሻው ቀን ወደ 4,550 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ያንኑ ሁሉ ደግሞ በዚያው እግሩ ይመለሳል። ማለትም የወጣውን ያህል ይወርዳል። እኛ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የተለማመድነው መውጣት ብቻ ነበር። ለግማሹ መንገድ ተዘጋጅተን ሙሉውን የጨረስን መስሎን ሻይ እንጠጣለን።

ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚኒባስ ወጥተን በእግር ወረድን።

መውረድ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ ረጅም ቁልቁለት አልወረደም። ትንፋሽ አይቆርጥም፣ ልብ አይመታም፤ ስለዚህ ሰው ይታለላል። የሚሠራው የጭን ጡንቻ ነው። ዳገት ላይ ጡንቻው እየተኮማተረ ይገፋል፤ ቁልቁለት ላይ ግን እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ይይዛል፣ በዚህም ክሮቹ በጥቃቅኑ ይጎዳሉ። የባጃጅ ሾፌራችን ከሁላችን ቀድሞ ገባው። «ዳገት የሚበላው ነዳጅ ነው፤ ቁልቁለት የሚበላው የፍሬን ሸራ ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አልሰማሁም። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ነው የሚብሰው። ማክሰኞ ጠዋት ቡና ለመጠጣት በርጩማ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ ወረድኩ። አንደኛው መምህር ሰሌዳው ሥር የወደቀ ጠመኔ ተማሪ እንዲያነሳለት ለመነ። በቤተ ክርስቲያን ስግደት ላይ የሆነውን ባልናገር ይሻላል።

ግን ሰውነት እንዴት ያለ ድንቅ ነገር ነው! ያ ሕመም አንዴ ከመጣ በኋላ ጡንቻው ይማራል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ አንድ ጊዜ በቁልቁለት የተጎዳ ጡንቻ ለሚቀጥሉት ሳምንታት በተመሳሳይ ሥራ ያን ያህል አይጎዳም። እኛም አየነው። ያንኑ ቁልቁለት ለሦስተኛ ጊዜ ስንወርድ፣ በማግሥቱ ሁላችንም በርጩማችን ላይ እንደ ሰው ተቀመጥን። እርምጃን ማሳጠርና ጉልበትን በመጠኑ እጥፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ምርኩዝ ይዞ ክብደቱን ለእጅ ማካፈልም ረድቶናል። ተማሪዎቹ የገዙት ቀርከሃ ለጌጥ አልቀረም።

አሁን የማምንበትን ነገር በግልጽ ልናገር። የልምምድ ጉዞ ጥንካሬህን የምታሳይበት መድረክ አይደለም። ድካምህን ፈልገህ የምታገኝበት ቦታ ነው፤ ቤትህ ቅርብ ሳለ፣ ሚኒባስ በአጠገብህ እያለፈ፣ ዘመድ ቤት ድንች ተቀቅሎ እየጠበቀህ። የዚያን ተማሪ ተረከዝ የላጠው ጫማ 4,000 ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ጉዞው የሚያበቃው የእሱ ብቻ አልነበረም። የባለሱቁ ባትሪ መብራት ማታ ጠፍቶበታል፣ እኔ ውኃዬን እስከ ቀትር ጨርሼዋለሁ፣ ከመምህራኑ አንዱ ሲርበው ቁጡ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያወቅነው በ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ርካሽ ትምህርት ነው፤ ከዚህ የረከሰ አይገኝም።

ስለ ከፍታው ጉዳይ ግን እዚህ ያለነው የዋህ መሆን የለብንም። ጫግኒና እንጅባራ እግርን ያለማምዳሉ፤ የራስ ደጀንን አየር ግን አይሰጡም። ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጠንካራ ወጣት ከሆንክም ከፍታው አያዳላም፤ እንዲያውም ፈጥኖ የሚወጣው ጉልበተኛ ነው ብዙ ጊዜ የሚታመመው። ነርሷ ሁላችንንም ቃል አስገብታናለች፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በየቀኑ የምንተኛበትን ቦታ ከ500 ሜትር በላይ አናሳድግም፣ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር የጀመረው ሰው ሳይደብቅ ይናገራል፣ ካልተሻለው ይወርዳል፣ አንድ ሰው ብቻውን አይወርድም። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ደግሞ ስካውትና አስጎብኚ አብሮ ይሄዳል፣ ጓዝ በበቅሎ ይጫናል። የአካባቢው ገበሬ ያን ተራራ በየዕለቱ ይወጣዋል ይወርደዋል፤ ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች በ1841 እ.ኤ.አ ጫፉ ላይ ደረሱ ተብሎ ሲጻፍ፣ የጭላዳና የዋልያ ጎረቤት የሆነው እረኛ ከዚያ በፊት ስንቴ ወጥቶ እንደወረደ ማን ቆጠረው? እሱ የሚለንን እንሰማለን።

ለመሆኑ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? በ1888 ዓ.ም ከአራቱም ማዕዘን ተነስቶ አድዋ የደረሰው ሕዝብ አብዛኛው የሄደው በእግሩ ነው። ያንን ለማሰብ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ጥቂት ወጣቶች «ጉዞ አድዋ» ብለው ከአዲስ አበባ እስከ አድዋ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ሲሄዱ አይተናል፤ ለየካቲት 23 ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ ይጓዛሉ። ለግሸን ማርያም መስከረም 21 የሚወጣውን ምእመን አስቡ፤ ከእነሱ መካከል ምርኩዝ ይዘው የሚወጡ አሮጊቶች አሉ። መሄድ በደማችን ውስጥ አለ። የተኛው ልምዱ ነው፤ ይቀሰቀሳል።

ደግሞ ሁሉም ሰው ጫግኒ መምጣት የለበትም። የአዲስ አበባ ሰው እንጦጦ አለው፤ የከተማውን ጭስ ከኋላው ጥሎ በጥቂት ሰዓት 3,000 ሜትር ላይ ይቆማል። ደሴ ያለ ሰው ጦሳ ከራሱ በላይ ቆሞ ያየዋል። የደብረ ማርቆስ ወጣት ጮቄን ይዞ ሌላ ተራራ ለምን ይመኛል? ዳንግላም እንጅባራም ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቁልቁለቱን ወደ እኛ ውረዱና ዳገቱን አብረን እንመልሳችሁ፤ ማንጎ በእኛ ነው።

ስለ ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ልጨምር። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የተማሪ ደንብ ልብስ ሥራ መያዝ ትመኝ ነበር፤ ሁለት መቶ ልብስ በአንድ ጊዜ መስፋት ግን ያስፈራታል። ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ከአንድ ሰፈር ወላጆች ሃያ ልብስ ብቻ ተቀበለች። በሃያው ላይ ክሩ እንደሚያልቅባት፣ የኮሌታው ሥራ ካሰበችው ጊዜ እጥፍ እንደሚወስድ፣ ቁልፍ መትከሉን ለልጇ መስጠት እንዳለባት አወቀች። አሁን የሚቀጥለውን አርባ ይዛለች። ስትነግረኝ እጇ ስፌቱን አላቆመም፤ «ቁልቁለቱንም ቀድሜ አየሁት» አለችኝ ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጨረሻው ልምምድ እንደገና ማደያው ፊት ተሰበሰብን። አሥራ አንዳችንም አለን። ባለሱቁ አዲስ ባትሪ አስገብቷል፣ ተማሪው ጫማው ሸብሸብ ብሎ እግሩን መስሏል፣ ጋሼ ቆሎአቸውን ለአሥራ አንድ ሰው በላስቲክ ቋጥረው አምጥተዋል። ልብስ ሰፊዋ የሁላችንንም የቦርሳ ማንገቻ ከጂንስ ቁራጭ ጋር ደርባ አጠናክራ ሰፍታልናለች፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ ጥያቄ። ሰልፍ ስንይዝ ከተማሪዎቹ አንዱ ዘንግቶ ሁለት እርምጃ ቀደማት።

«የኔ ልጅ» አለችው በቀርከሃዋ ጫማውን ነካ አድርጋ፣ «ከኋላዬ።»

ልጁ ስቆ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ መንገዱን ጀመረች።